አንድ ጊዜ የጠፋሁት ልጅ እኔ ነበርኩ

(ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚገኝ የኢትዮጵያውያን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን፣ በወላጆች የምሽት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። በቃል የተነገረው ወደ ጽሑፍ ሲመለስ ጥቂት ተስተካክሏል።)

አባቶች፣ እናቶች፣ ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

አዘጋጆቹ ከጌታ ቤት ስለራቁ ልጆች ተናገር ብለው ይህን ርዕስ ሲሰጡኝ «ለምን እኔን መረጣችሁ?» አልኳቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ልጆችዎን በጌታ ቤት ያሳደጉ ስለሆኑ ነው» አሉኝ። ማሳደጉንስ አሳድጌያለሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ሁለቱ ዛሬም በጌታ ቤት አሉ። መካከለኛዋ ግን ለሰርግና ለለቅሶ ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን መርገጥ ካቆመች አሥራ አራት ዓመት ሆናት። ግማሾቻችሁ ይህን ከእኔ ሰምታችኋል። ግማሾቻችሁ ደግሞ ከጸሎት ርዕስ ነው የሰማችሁት፤ እሱን በኋላ እንነጋገርበታለን።

ዛሬ ስለ እሷ እንደማወራ ነግሬያታለሁ። «አባዬ፣ ሰይጣን አታድርገኝ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ እንዳትመልሰኝ» ብላ ፈቅዳልኛለች።

ከእሷ በፊት ግን ከራሴ ልጀምር። የጠፋ ልጅ የሚባለውን ነገር ከወላጅ ወንበር ላይ ብቻ አላየሁትም።

በ1963 ዓ.ም. አዲስ አበባ ጉለሌ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ጌታን ተቀበልኩ። እናንተ ይህን ስትሰሙ «ሃሌ ሉያ» ትላላችሁ፤ አሁንም ከኋላ ሰማሁ፣ ተባረኩ። እናቴ የሰማችው ግን ሌላ ነው። እናቴ የሰማችው «ልጅሽ ማተቡን በጠሰ» የሚለውን ነው።

በአርባ ቀኔ ክርስትና ያስነሳችኝ፣ ገብረ ሚካኤል ያሰኘችኝ እሷ ናት። በሕፃንነቴ ኩፍኝ ይዞኝ አይተርፍም ሲባል ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተስላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ያንን ሁሉ አገር አቋርጣ ያደረሰችው እሷ ናት። እኔ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሳይሞላኝ፣ በአሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜዬ፣ ያ ሁሉ ከንቱ መሆኑን በማብሰያ ቤቷ ቆሜ አስተማርኳት። በዚያ ዓመት በፍልሰታ ጾም ወተት ጠጣሁባት። ወተት ስለወደድኩ አይደለም። ነጻ መውጣቴን እንድታይልኝ ነው። ጌታ ብዙ ነገር ይቅር ብሎኛል፤ ያንን ብርጭቆ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አባቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው፤ «ማተብህን ካላሰርክ ከቤቴ ውጣ።» ወጣሁ። ዕድሜያችሁ የኔን ያህል የሆነ እዚህ ጥቂት አላችሁ፣ ታስታውሱታላችሁ። ጴንጤ ማለት ያኔ ስድብ ነበር። የሙሉ ወንጌል አማኞች ፈቃድ ተከልክለው ነበር፤ በ1964 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ 250 ያህል ሰዎች ከጉባኤ ላይ ተይዘው ታሰሩ። እኔ በዚያ ቀን እዚያ አልነበርኩም። እናቴ ግን ይህን አላወቀችም። እንጀራ ቋጥራ ከጣቢያ ጣቢያ ስትዞር ዋለች። የዚያን ጊዜ ጎረቤት «ምን ትለፊያለሽ፣ የእጁን ነው ያገኘው» ይላት ነበር። እሷ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ስትሞት የት ትቀበራለህ?» እኔ ስለ ሰማይ ቤት ስሰብክላት እሷ የምታስበው አስከሬኔን የሚቀበል ቅጽር ግቢ እንደሌለ፣ እድሩም እንደማይወጣልኝ ነበር። ያኔ አላዋቂነቷ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ከእኔ የበለጠ እስከ መጨረሻው የተከተለኝ ሐሳብ የእሷ ነው።

በ1974 ዓ.ም. ዐረፈች። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በደርግ ተዘግታ በየቤቱ ተደብቀን በምንጸልይበት ዘመን ነው። በሠልስቷ ዕለት የንስሐ አባቷ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። «ገብረ ሚካኤል አንተ ነህ?» አሉኝ። በዚያ ስም የሚጠራኝ ሰው ካጣሁ ዓመታት ሆኖኝ ነበር፤ እኔም ትቼዋለሁ። «አዎ አባቴ» አልኩ። «ስምህን አውቀዋለሁ። ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል፣ ሳታስጠራው ቀርታ አታውቅም» አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት! «ምን እንደሆንኩ ነግራዎታለች?» ብዬ ጠየቅሁ። «የለም፤ ስምህን ብቻ» አሉ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ያለን ሁሉ የትምህርት ልዩነታችንን እናውቃለን። እኔም ወደ ኋላ አልተመለስኩም፤ ሃምሳ ዓመት አልፎኝ በዚያው ነኝ። ዛሬ የመጣሁት በዚያ ልከራከር አይደለም። የምለው ይህን ነው፤ እናቴ ጠፋብኝ ብላ ያለቀሰችለት ልጅ፣ በራሱ ዓይን ሲታይ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እግዚአብሔርን እየፈለገ ነበር። እሷ ያንን ማየት አልቻለችም። እኔም ዛሬ በልጄ ውስጥ የማላየው ምን እንዳለ አላውቅም። ሁሉም መንገድ አንድ ነው እያልኩ አይደለም፣ እንዳትጽፉብኝ። ከማየው በላይ እግዚአብሔር ያያል እያልኩ ነው።

ደግሞም ይህ የኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንት የሆነው ኢትዮጵያዊ ከመቶ አሥር ያህል ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከመቶ አሥራ ስምንት አለፈ። ብዙው ከደቡብና ከምዕራብ፣ ከአባቶቹ ባህላዊ እምነት የመጣ ነው። ቢሆንም እኛ «መነቃቃት» ብለን በምስጋና የምንቆጥረው ቁጥር ውስጥ፣ በየቤቱ ነጠላዋን ተከናንባ ያለቀሰች እናት አለች። አሁን ተራው የእኛ ሆነና ማልቀስን እኛ የጀመርነው መሰለን።

ወደ ልጄ ልመለስ።

በሃያ ዓመቷ፣ ከኮሌጅ ለእረፍት መጥታ፣ እሑድ ጠዋት ጫማዬን ሳጠልቅ «አባዬ፣ እኔ ዛሬ አልሄድም። ዛሬ ብቻ አይደለም» አለችኝ። «አላምንበትም፤ ለእናንተ ብዬ መዘመር ሰለቸኝ» አለች። ምን አልኩ መሰላችሁ? በዚያን ጊዜ ሽማግሌ ነበርኩ፤ ሰንበት ትምህርት ቤቱ በእኔ ሥር ነበር። «በእኔ ቤት ጌታን የካደ ሰው አይኖርም» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ደስ አለኝ፤ ለጌታ ቤት የቆምኩ መሰለኝ። ልጄ ሻንጣዋን ሳትፈታ ተመለሰች። አሥራ አራት ወር አልተነጋገርንም። ባለቤቴ በድብቅ ትደውልላት ነበር፤ ሽሮና በርበሬ በሰው ትልክላት እንደነበር የሰማሁት ቆይቼ ነው። ለካ እናቶች ከጉለሌም እዚህም ድረስ አንድ ናቸው።

አንድ ሌሊት ታክሲ ውስጥ ደንበኛ እየጠበቅሁ ያ ቃል ተመልሶ መጣብኝ። «በእኔ ቤት» ያልኩት። ድምፁ የአባቴ ነበር። ማተብህን ካላሰርክ ውጣ ያለኝ ሰውዬ በአርባ ዓመቱ ተነሥቶ፣ ጴንጤ ሆኖ፣ በአፌ ተናገረ!

እውነቱን ልንገራችሁ። ያን ቀን የተቆጣሁት ለእግዚአብሔር ክብር አልነበረም። ለይሉኝታዬ ነው። በአማርኛችን ከባዱ ስድብ «አሳዳጊ የበደለው» ነው። ልብ በሉ፣ ስድቡ ለልጁ ይሰነዘራል፣ ቁስሉ ግን ለወላጅ ነው። የሽማግሌው ልጅ ካደች ሲባል፣ ሰው ስለ እሷ ከሚለው ይልቅ ስለ እኔ የሚለው ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ከዚያም መጽሐፉን አንሥተን ራሳችንን እንገርፍበታለን፤ ምሳሌ 22፥6፣ «ልጅን በሚሄድበት መንገድ ምራው፥ በሸመገለም ጊዜ ከእርሱ ፈቀቅ አይልም።» እንግዲህ ፈቀቅ ካለ እኔ አልመራሁትም ማለት ነው እንላለን። መጽሐፈ ምሳሌ ግን የጥበብ ቃል ነው፤ የዓለምን አካሄድ አይቶ ይናገራል እንጂ በውልና ማስረጃ ቢሮ እንደተፈረመ ውል አይደለም። ያው መጽሐፍ ትጉ እጅ ባለጠጋ ያደርጋል ይላል፤ ሃያ ዓመት ሁለት ፈረቃ ሠርተን ባለጠጋ ያልሆንን እዚህ ስንት ነን? ሳሙኤልን የሚከሰው የለም፤ ልጆቹ ግን በመንገዱ አልሄዱም፤ ጉቦ በሉ። እግዚአብሔር ራሱ በኢሳይያስ አፍ «ልጆችን ወለድሁ አሳደግሁም፥ እነርሱም ዐመፁብኝ» ይላል። አሳዳጊ በደላቸው የሚል ካለ ይምጣ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ አባቶቻችን። ሦስቱም ልጆቼ አንድ ቤት፣ አንድ ጸሎት፣ አንድ ዓይነት ቁጣ ነው ያደጉት።

ይህን ስል ግን ጥፋት የለብንም ማለቴ አይደለም። አለብን። ያን ሌሊት ታክሲዬን አቁሜ ደወልኩላት። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አማርኛው ራሱ ይጠፋል፤ እንደምንም «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «የትኛውን?» አለችኝ።

ይኸውላችሁ። እኔ አንድ ነገር ነበር የማውቀው። እሷ ስታስበው የኖረችው ብዙ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ እናቷ ታማ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ የተናገረውን ክፉ ወሬ ለእናቷ ያስተረጎምነው እሷን ነው፤ ቋንቋውን የሚችል ሌላ ሰው በአጠገባችን አልነበረም። በአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ያኔ የነበርንበት ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተከፈለ፤ ትናንት «ወንድሜ» የሚባባሉ ሰዎች ፍርድ ቤት ሲካሰሱ ወረቀቱን ቁጭ ብላ ያነበበችልን እሷ ናት። እንግሊዝኛዋ ስለሚሻል። ልጅ የሽማግሌዎችን ክስ እየተረጎመ እምነቱን እንዲጠብቅ የምንፈልግ ሰዎች ነን እኮ!

አንድ ነገር ደግሞ አለች፣ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። «አባዬ፣ አማርኛ የማውቀው ተቀመጪ፣ ብዪ፣ ዝም በዪ፣ ጸልዪ ነው። እግዚአብሔርም በአማርኛ የሚናገረኝ በዚያ ብቻ ይመስለኛል» አለችኝ። ሦስት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ጉባኤ፣ ግማሹን በማይገባቸው ቋንቋ፣ ግማሹን ጓዳ ውስጥ ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መምህር ጋር፤ እኛም ከሌሊት ፈረቃ መጥተን ወንበር ላይ እያንቀላፋን። ከዚያ ቤት ስንገባ እራት ላይ መጋቢውን እናማለን። በሀገራችን ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ከተነሣ በኋላማ ሌላ ታሪክ ነው። «ቅዳሜ ማታ በስልካችሁ የምትለዋወጡትን አያለሁ፤ እሑድ ጠዋት የምትዘምሩትንም እሰማለሁ» አለችኝ። የሁሉንም ወገን ማለቷ ነው። መልስ አልነበረኝም፤ ከእናንተ ያለው ካለ ኋላ ይንገረኝ።

ስለዚህ ይቅርታ የምንጠይቅበትን ይቅርታ እንጠይቅ። ግን ይቅርታችንን ማጥመጃ አናድርገው። «ይቅርታ ጠይቄሻለሁ፣ በዪ እሑድ ነይ» ከሆነ ንግድ ነው።

አሁን ስለ አንዲት እናት ላጫውታችሁ። ብዙዎቻችሁ ስሟን ሰምታችኋል፤ ሞኒካ ትባላለች። የሰሜን አፍሪካ ሴት ናት፤ ከተማዋ ታጋስቴ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ሱቅ አህራስ የምትባለው ናት። ልጇ አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ354 ተወለደ። ታሪኩን ራሱ ጳጳስ ከሆነ በኋላ ስለጻፈው ነው የምናውቀው። ብሩህ ተማሪ ነበር፤ ካርቴጅ ሄዶ ሲማር ያለጋብቻ ልጅ ወለደ፤ ከዚያም ከፋርስ ምድር የተነሣውን የማኒን ሃይማኖት ተከተለ። ዘጠኝ ዓመት ያህል።

ሞኒካን ስንሰብካት እንባዋን ብቻ ነው የምንናገረው። እኔ የምወድላት ግን ስሕተቷን ነው። መጀመሪያ ልጇን ከማዕዷ ከለከለችው፤ አብሯት እንዳይበላ። እኔ በልጄ ላይ ያደረግሁትን ዓይነት አደረገች ማለት ነው። ከዚያ ሕልም አየች። በእንጨት ማስመሪያ ላይ ቆማ ስታለቅስ አንድ ወጣት መጥቶ «አንቺ ባለሽበት እሱም አለ» ይላታል፤ ዘወር ስትል ልጇ አጠገቧ ቆሟል። ሕልሟን ስትነግረው አውግስጢኖስ ጮሌ ስለሆነ «እንግዲያው አንቺም እንደኔ ትሆኛለሽ ማለት ነዋ!» አላት። እሷ ግን ወዲያው «አልተባልኩም! እሱ ባለበት አንቺ አለሽ አልተባልኩም፤ አንቺ ባለሽበት እሱ አለ ነው የተባልኩት» አለችው። ከሕልሙ ይልቅ የመልሷ ፍጥነት እንደገረመው ጽፏል። የሆነው ሆኖ ከዚያ ወዲያ ወደ ማዕዷ መለሰችው። ልጁ ገና ሳይመለስ፣ ማዕዱ ቀድሞ ተመለሰ።

ደግሞ አንድ ጳጳስ ዘንድ ሄደች። ልጄን አነጋግርልኝ፣ ተከራከርልኝ አለች። እምቢ አላት። «ገና አዲስ ነው፣ ልቡ ተነፍቷል፣ አሁን አይሰማም፤ ተዪው፣ ጸልዪለት ብቻ» አላት። ይህ ጳጳስ ሰነፍ አልነበረም፤ እሱ ራሱ በልጅነቱ በእናቱ እጅ ለማኒ ሰዎች ተሰጥቶ መጽሐፎቻቸውን ያነበበ፣ የገለበጠም ሰው ነው። ማንም ሳይከራከረው ራሱ ነቅቶ ወጣ። የጠፋ ልጅ የነበረ ሰው ስለሆነ መቼ ዝም እንደሚባል ያውቃል። እሷ ግን አልሄድ ብላ እያለቀሰች ነዘነዘችው። ሲሰለቸው «በዪ ሂጂ፤ የእነዚህ እንባዎች ልጅ ሊጠፋ አይችልም» አላት። እኛ ይህን ቃል በፍሬም አድርገን ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን። የተነገረው ግን በመሰልቸት ነው፤ እግዚአብሔር በሰለቸው ሰው አፍም ይናገራል።

ዋናው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ383 አውግስጢኖስ ወደ ሮም ሊሻገር ወሰነ። እናቱ እስከ ባሕሩ ተከትላው ያዘችው፤ ወይ ቅር ወይ ይዘኸኝ ሂድ አለች። ዋሻት። ጓደኛዬን ልሸኝ ነው ብሎ በመርከቡ አጠገብ ባለው በሰማዕቱ ቆጵርያኖስ መታሰቢያ ቤት እንድታድር አግባባት። እሷ ሌሊቱን ሙሉ «ጌታ ሆይ፣ እንዳይሄድ ከልክለው» ብላ ስትጸልይ እሱ በነፋሱ ሄደ። ጠዋት ወጥታ ባሕሩን ብቻ አየች።

እስቲ በዚያ ጠዋት ላይ እንቁም። ያ ጸሎት ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም? በዚያ ሌሊት የለመነችው ተከለከለች። ግን ልጇ ሄዶ ያረፈው ኢጣሊያ ነው፤ ከሮም ሚላኖ፣ ሚላኖ ላይ ደግሞ አምብሮስዮስ የሚባል ጳጳስ ነበረ። በዚያ ስብከት ልቡ ተሰበረ፤ እ.ኤ.አ. በ387 ትንሣኤ ላይ በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። «እንዳይሄድ» የሚለው ጸሎት ቢመለስላት ኖሮ «ይዳን» የሚለው በየት በኩል ይመጣ ነበር? ይህንን ኋላ ራሱ አውግስጢኖስ አስተውሎታል። እሷ በዚያ ጠዋት ግን አታውቅም። እዚህ ውስጥ በዚያ ጠዋት ላይ ያላችሁ እናቶች አላችሁ፤ ልጁ ሄዷል፣ ባሕሩ ብቻ ይታያል። ለእናንተ ሚላኖን ላሳያችሁ አልችልም። እኔም በዚያው ወደብ ላይ ነኝ።

ሞኒካ በዚያው ዓመት በኦስቲያ ወደብ በሃምሳ ስድስተኛ ዓመቷ ሞተች፤ ልጇን አይታ። ሁሉም እንደሷ አይታደልም። ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ ሲያለቅስ ዐሥራ አምስት ዓመት ተጨመረለት፤ ልጁ ምናሴ በዚያ በተጨመረው ዘመን ውስጥ የተወለደ ነው። በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነገሠ፤ አባቱ ያፈረሰውን የጣዖት መስገጃ መልሶ ሠራ። ከዚያ ሁለተኛ ዜና 33 ላይ ያ ምናሴ በባቢሎን በሰንሰለት ታስሮ «በአባቶቹ አምላክ ፊት ራሱን አዋረደ» ተብሎ ተጽፏል። የአባቶቹ አምላክ! በዚያ እስር ቤት ማን ትዝ እንዳለው መገመት አይከብድም። ሕዝቅያስ ግን ከሞተ ቆይቷል። አላየም።

እንግዲህ እግዚአብሔርን ማመን ምንድን ነው? እኔ ከቋንቋችን አንድ ቃል ይበቃኛል፤ አደራ። ልጅ የእግዚአብሔር አደራ ነው እንላለን፤ እሱ ለእኛ የሰጠንን ማለታችን ነው። የማንቆጥረው ሁለተኛው አደራ ነው፤ እኛ ለእሱ መልሰን የምንሰጠው። አደራ የሰጠ ሰው እቤቱ ገብቶ ይተኛል። እኛ ግን አደራውን ሰጥተን ቁልፉን ኪሳችን ከትተን እንሄዳለን፤ ሌሊት ሌሊት ሄደን ሣጥኑን እንነካካለን። እግዚአብሔር አደራ በላ አይደለም።

ቁልፉ የቱ ጋ እንዳለ የማውቅበት መንገድ አለኝ። ለልጄ በቀን ሦስት ስብከት በዋትስአፕ እልክ ነበር። አንድ ቀን ወንድሟ «አባዬ፣ ድምፅህን ከዘጋችው ዓመቷ ነው፣ አይደርሳትም» አለኝ። ያ ቁልፍ ነበር። ልደቷ ላይ ጠርተን መጋቢውን «በአጋጣሚ» ሶፋ ላይ ማስቀመጥ፤ ቁልፍ ነው። የወንድሟን መዝሙር አንሥቶ እሷ ፊት ማመስገን፤ እሱም ቁልፍ ነው። ኢዮብን ተመልከቱ፤ ልጆቹ አድገው የየራሳቸው ቤት ነበራቸው፤ በየተራ ግብዣ ያደርጋሉ። ኢዮብ ግብዣው በር ላይ አልቆመም። በማለዳ ተነሥቶ «ምናልባት ልጆቼ በድለው ይሆናል» እያለ በቁጥራቸው ልክ መሥዋዕት ያቀርብ ነበር እንጂ። በማለዳ፣ ሁልጊዜ።

በሱስ የተያዘ ልጅ ያላችሁ፣ የቤት ኪራይ የምትከፍሉ፣ መኪና የተሸጠባችሁ፣ የእናንተ ነገር ሌላ ነው፤ በሉቃስ 15 ያለው አባት ሩቅ አገር ገንዘብ አልላከም። ስለዚያ ከባለሙያ ጋር የሚደረግ ሌላ ምሽት ያስፈልገናል፤ በአንድ አፍ አልጨርሰውም።

ግን ያ አባት ያደረገውን እስቲ በሀገራችን ዓይን እዩት። «ገና ሩቅ ሳለ አባቱ አየውና አዘነለት፥ ሮጦም አንገቱን አቀፈውና ሳመው።» ሮጠ ይላል። በእኛ አገር ጋቢ የለበሰ ትልቅ ሰው በመንደር መሐል ይሮጣል? ልጅ ነው ወደ አባት የሚሮጠው፤ ጉልበት ስሞ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ድንጋይ ተሸክሞ። ያ አባት ክብሩን ጥሎ ሮጠ፤ ሰው ምን ይለኛል የሚለውን መንገድ ላይ ጣለው። ደግሞ እንዳትረሱ፣ ያ አባት ሁለት ጊዜ ነው ከቤቱ የወጣው። ለታላቁም ወጥቶ ለመነው። ይህን የማነሣው፣ መካከለኛዋ ልጄ ከፊላደልፊያ ስትመጣ ዶሮ ሲሠራ አይቶ ትልቁ ልጄ «እኔ በየሳምንቱ ስመጣ ሽሮ ነው የምበላው» ስላለኝ ነው። ቀልዱ ቀልድ ብቻ አልነበረም። በቤት የቀሩ ልጆቻችንም የእኛን ዓይን ይፈልጋሉ፤ የጠፋውን ስንጠብቅ በመስኮት ብቻ ካየን ከኋላችን ያለውን እናጣለን።

አሁን ቅድም ያቆየሁት ነገር፤ የጸሎት ርዕስ።

የልጄ ነገር በዚህ ከተማ የተሰማው እኔ ለጸሎት ኅብረቱ ስለነገርኩ ነው። ክብ ሠርተን ተቀምጠን፣ ምን እንዳለችኝ፣ ከማን ጋር እንደምትኖር፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። «ጸልዩልኝ» ብዬ ነው። ከተጸለየው የተወራው በለጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለለቅሶ እዚህ ስትመጣ አንዲት እህት፣ በቅንነት ነው፣ እጇን ይዛ «ያ ጓደኛሽ እንዴት ሆነ? እየጸለይንልሽ ነው» አለቻት። ልጄ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ያ አስተያየት እናቴ ወተቱን ያየችበት ዓይነት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲያ የእናቴ የንስሐ አባት ያሉኝ ቃል በሌላ ጆሮ ገባኝ። አሥራ አንድ ዓመት ስሜን ስታስጠራ ምን እንደሆንኩ አንድ ቀን አልተናገረችም። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፣ በወር በአሥራ ሁለት ስም አላስጠራም። ግን ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሥራ በፊት፣ መኪናዬ ውስጥ የልጄን ስም እጠራለሁ። ታሪኩን እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ እኔ ከምነግረው የተሻለ። ባለፈው ወር ስልክ ላይ «አባዬ፣ አሁንም ትጸልይልኛለህ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «ምን ብለህ?» አለችኝ። «ስምሽን» አልኩ። ትንሽ ዝም አለችና ስለ ሥራዋ ታወራኝ ጀመር።

እሑድ ትመጣለች፤ ለምሳ ነው፣ ለቤተ ክርስቲያን አይደለም። እንዳልመልሳት ቃል ገብቻለሁ፣ አልመለስኳትም።

ቡናው ደርሷል ይሉኛል ከኋላ። ከመነሣታችን በፊት እንጸልይ። መጋቢያችን ፈቃዳቸው ይሁንና እንደወትሮው አናድርገው። የጸሎት ርዕስ አይነገር። ማን ምን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ስንት ዓመት እንደሆነው፣ ምንም። ዓይናችንን ጨፍነን፣ እያንዳንዳችን የልጃችንን ስም ብቻ፣ ድምፃችንን አውጥተን። እኔ እጀምራለሁ።

ሰላም።